የሐምሌው ግምገማ፦ የወረዳ የበጀት አፈጻጸም ሪፖርት እንዴት ይነበባል?

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ለወረዳ ምክር ቤት የሚቀርበው የበጀት አፈጻጸም ሪፖርት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁጥር አጉልቶ ይዞ ይመጣል፦ «ከተመደበው በጀት ውስጥ 97 በመቶው ሥራ ላይ ውሏል» ይላል። ሁለት ሦስት ተመራጮች የመንገድና የውሃ ጥያቄ ያነሳሉ፣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች መልስ ይሰጣሉ፣ ሪፖርቱም በሙሉ ድምፅ ይጸድቃል። በበጀትና ፋይናንስ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሥራ ላይ ለቆየ ሰው ግን ያ ቁጥር ለብቻው ሚዛን አይደፋም። ገንዘቡ ከባንክ መውጣቱን ይናገር ይሆናል፤ ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሥራ መሠራቱን አይናገርም። ይህን የምጽፈው በተለይ አዲስ ለተመረጡ አባላትና ለኮሚቴ ሰብሳቢዎች ነው። ሂሳብ ያልተማረ ሰውም ምን ወረቀት እንደሚጠይቅና የትኛውን ከየትኛው ጋር እንደሚያስተያይ ካወቀ፣ ከሂሳብ ባለሙያ የማያንስ ጥያቄ ማንሳት ይችላል።

መጀመሪያ ሰነዶቹ መሰብሰብ አለባቸው። ኮሚቴው ከወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ቢጠይቅ ጥሩ ነው፤ በቃል የተጠየቀ ሰነድ ይረሳል። እኔ የምጠይቃቸው እነዚህን ነው፦ በጀቱ የጸደቀበት ቃለ ጉባኤ ከነሠንጠረዡ፣ በዓመቱ ውስጥ የተፈቀዱ የዝውውርና የተጨማሪ በጀት ደብዳቤዎች፣ በየሂሳብ መደቡ (ለየወጪው ዓይነት በተሰጠው የኮድ ቁጥር) ከአይቤክስ፣ ማለትም ከመንግሥት የበጀትና የወጪ መመዝገቢያ የኮምፒውተር ሥርዓት፣ የወጣ የሰኔ የወጪ ሪፖርት፣ የሰኔ የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ (የወረዳው መዝገብ ከባንኩ ጋር የተመሳከረበት)፣ ሰኔ 30 የተደረገው የካዝና ቆጠራ፣ የተሰብሳቢና የተከፋይ ሂሳብ (ወረዳው ከሌሎች የሚጠብቀውና ለሌሎች ያለበት ገንዘብ) ዝርዝር በስምና በቀን፣ በመጨረሻም የካፒታል ፕሮጀክቶች የፊዚካልና የፋይናንስ አፈጻጸም (የተሠራው ሥራና የወጣው ገንዘብ) ጎን ለጎን። እነዚህ ከጉባኤው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ኮሚቴው እጅ መግባት አለባቸው። ጉባኤው በሚከፈትበት ጠዋት በር ላይ የሚታደል ወረቀት ይነበባል እንጂ አይገመገምም።

ሰነዶቹ እንደደረሱ የሚሠራው የመጀመሪያ ሥራ ቀላል ነው፤ ለጉባኤው የተዘጋጀውን ማጠቃለያ ድምር ከአይቤክስ ከወጣው ድምር ጋር ማመሳከር። ማጠቃለያው ብዙ ጊዜ በእጅ ተሰብስቦ በኮምፒውተር የተጻፈ ስለሆነ አንድ ጽሕፈት ቤት ሁለቴ ሊደመር ወይም ሊዘለል ይችላል። ልዩነት ከተገኘ ወደ ሌላ ጥያቄ ከመታለፉ በፊት እሱ ይጣራ።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ እስከዚያ ቀን ዕቃው ገብቶ ወይም አገልግሎቱ ተሰጥቶ ሳይከፈል የቀረ ሂሳብ ግን ብዙዎች ግሬስ ፔሬድ በሚሉት የችሮታ ጊዜ ውስጥ በዓመቱ በጀት ይከፈላል። ስለዚህ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የሚቀርበው ሪፖርት ገና ያልተዘጋ ሂሳብ ነው። ሪፖርቱ «ጊዜያዊ» ተብሎ ይቅረብ፣ ሂሳቡ ሲዘጋም ኮሚቴው ሁለቱን አስተያይቶ የተለወጠውን መደብ ይይ። በመካከሉ ቁጥሩ በጣም ያደገ የሂሳብ መደብ ካለ፣ ሰኔ 30 ላይ ያልነበረ ግዢ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳልተመዘገበ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወደ ዋናው ንባብ ስንመጣ፣ ሪፖርቱ አራት ዓምዶች ያስፈልጉታል፦ ምክር ቤቱ ያጸደቀው፣ ከዝውውር በኋላ የተስተካከለው፣ የወጣው፣ እና ወጪው ያስገኘው ሥራ። አብዛኛው ሪፖርት የሚያሳየው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ብቻ ነው። የሚጎድሉት ሁለቱ ደግሞ ምክር ቤቱን በቀጥታ የሚመለከቱ ናቸው።

የአንድ ጤና ጽሕፈት ቤት በጀት ለማሳያ እንውሰድ። ምክር ቤቱ ለደመወዝ 18 ሚሊዮን፣ ለሥራ ማስኬጃ 3 ሚሊዮን፣ ለካፒታል 6 ሚሊዮን፣ በድምሩ 27 ሚሊዮን ብር አጸደቀ እንበል። የካቲት ላይ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ከደመወዝ ወደ ሥራ ማስኬጃ ተዛወረ። በዓመቱ መጨረሻ ለደመወዝ 16 ሚሊዮን 700 ሺህ፣ ለሥራ ማስኬጃ 4 ሚሊዮን 150 ሺህ፣ ለካፒታል 4 ሚሊዮን 250 ሺህ፣ በጠቅላላው 25 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር ወጣ። ሪፖርቱ 93 በመቶ ይላል፤ ሲሰሙት ደህና ነው።

አሁን ዘርዝሩት። ሥራ ማስኬጃው ከተስተካከለው በጀት አንጻር 98.8 በመቶ ነው፤ ምክር ቤቱ ካጸደቀው አንጻር ግን 138 በመቶ ሆኗል። ማለትም ተመራጮች ከፈቀዱት በላይ 1 ሚሊዮን 150 ሺህ ብር ለውሎ አበል፣ ለነዳጅና ለመሳሰለው ወጥቷል፤ ዝውውሩ ሕጋዊ ቢሆን እንኳ ለምን እንዳስፈለገ ለጉባኤው መነገር አለበት። ካፒታሉ 70.8 በመቶ ተብሏል። ከውስጡ 3 ሚሊዮን 500 ሺህው ተጠናቆ ለተረከቡት ጤና ኬላ ነው። ቀሪው 750 ሺህ ግን የ2 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ውል ላለው የእናቶች ማቆያ በሰኔ የተከፈለ 30 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ወጪ አይደለም፤ ሥራው ተለክቶ በክፍያ ሰርተፍኬት እስኪወራረድ ድረስ በተሰብሳቢነት የሚያዝ ሂሳብ ነው። እሱ ሲነሳ ካፒታሉ 58.3 በመቶ፣ ጽሕፈት ቤቱ በአጠቃላይ 90.2 በመቶ ይሆናል። የእናቶች ማቆያው መሠረት እንኳ አልተቆፈረም። «93 በመቶ» የሚለውን የሰማ የቀበሌ ነዋሪ ግን ማቆያው ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ይመስለዋል።

ስለ ዝውውር ይህን ልጨምር። ክልሎች የየራሳቸው የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅና መመሪያ ስላላቸው፣ ማን እስከ ምን ድረስ ማዛወር እንደሚችል የሚታየው ከክልሉ ሕግ ነው። የፌዴራሉ የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 648/2001 ከካፒታል ወደ መደበኛ በጀት ማዛወርን አይፈቅድም፤ የክልላችሁ አዋጅ ስለዚህ ምን እንደሚል አንቀጹን አውጥታችሁ ያዙ። ኮሚቴው እያንዳንዱን የዝውውር ደብዳቤ ሲያይ ሦስት ነገር ያስተያይ፦ የፈረመው አካል ሥልጣን አለው ወይ፣ ደብዳቤው ከክፍያው በፊት ተጽፏል ወይ፣ ገንዘቡ የተነሳበት መደብ ያኔ ቀሪ በጀት ነበረው ወይ። ብዙ ጊዜ ችግር የሚገኘው ሁለተኛው ላይ ነው። ገንዘቡ ግንቦት ላይ ተከፍሎ ደብዳቤው ሰኔ 25 ከተጻፈ፣ ዝውውሩ ያለ በጀት የወጣን ወጪ ለማስተካከል የመጣ ነው። ይህ በኦዲት መነሳቱ ስለማይቀር ምክር ቤቱ ቀድሞ ቢያየው ይሻላል።

ደመወዝ አሰልቺ ይመስላል፤ በወረዳ በጀት ውስጥ ግን ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እሱ ስለሆነ እዚያ ላይ ያለ ትንሽ ልዩነት ሌላ ቦታ ካለ ትልቅ ልዩነት ይበልጣል። የሂሳብ መደብ 6111 የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ ነው። የሰኔን የደመወዝ መክፈያ ሊስት በ12 አባዙትና ከዓመቱ ወጪ ጋር አስተያዩት። በዓመቱ መሃል ቅጥር፣ ስንብት ወይም የእርከን ጭማሪ ስለሚኖር እኩል አይመጣም፤ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ግን ምክንያቱ በስምና በወር መነገር አለበት። በደመወዝ ላይ የተረፈ ገንዘብ ብዙ ጊዜ «ቁጠባ» ተብሎ ይቀርባል። ያልተቀጠረ አዋላጅ ነርስ ወይም ያልተመደበ የሒሳብ መምህር ቁጠባ አይደለም። ሪፖርቱ ስንት የሥራ መደብ ክፍት ሆኖ እንደቆየና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ካልጻፈ ጠይቁ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያየው ማመሳከሪያ ጡረታ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለሲቪል ሠራተኛ የሚያዋጣው 11 በመቶ ስለሆነ የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ 10 ሚሊዮን ብር ከሆነ በ6131 ላይ 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ገደማ መታየት አለበት። ፖሊስ ያለበት ክፍል የመዋጮው መጠን ከፍ ስለሚል ለብቻው ይታይ። የተመዘገበው ከዚህ በብዙ ካነሰ መዋጮው ተጠራቅሞ ሳይከፈል ቀርቶ ይሆናል፤ ያ ማለት በአዲሱ ዓመት በጀት ላይ ዕዳ ተጭኖ ይጠብቃል ማለት ነው።

አሁን ሰኔ። የዓመቱን ወጪ በወር በወር አስቀምጡና የሰኔን ድርሻ ተመልከቱ። ለአሥራ አንድ ወር በወር 200 ሺህ ሲያወጣ የቆየ መደብ ሰኔ ላይ 900 ሺህ ካወጣ፣ በጀት እንዳይቃጠል የተደረገ ሩጫ ሊሆን ይችላል። ሁሉም የሰኔ ግዢ ጥፋት አይደለም። ጨረታው ጥር ላይ ወጥቶ ዕቃው ሰኔ ላይ የገባ ከሆነ ሰንሰለቱ ራሱ ይመሰክራል፤ የግዢ ጥያቄው፣ የጨረታው ቃለ ጉባኤና ውሉ ቀናቸው ተከታትሎ ይገኛል። የሚያሳስበው ከጥያቄ እስከ ክፍያ ያለው ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያለቀው ነው። በተለይ አንዱ ትልቅ ግዢ በትንንሽ ፕሮፎርማ (ያለ ግልጽ ጨረታ በሚሰበሰብ የዋጋ ማቅረቢያ) ተከፋፍሎ ከአንድ አቅራቢ ከተገዛ፣ የጨረታውን ሕግ ለመዝለል የተደረገ መሆኑ መጣራት አለበት።

እዚህ ላይ ሞዴል 19ን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ዕቃ ወደ ንብረት ክፍል ሲገባ የሚቆረጠው ደረሰኝ እሱ ነው፤ ክፍያ የሚፈጸመውም በእሱ ነው። ሰኔ 30 የተቆረጠ ሞዴል 19 ስታገኙ ሦስት ቦታ ሂዱ። አንደኛ የደረሰኙን ተከታታይ ቁጥር ተመልከቱ፤ ከእሱ በፊት ያለው ቁጥር ሐምሌ 8 የተቆረጠ ከሆነ ቀኑ ትክክል አይደለም። ሁለተኛ የዕቃውን ቢን ካርድ፣ ማለትም በመጋዘን ያለውን የገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ፣ ክፈቱ፤ ገቢው የተመዘገበበትን ቀንና ቀሪውን መጠን ያሳያል። ሦስተኛ መጋዘኑ ውስጥ ገብታችሁ ዕቃውን ቁጠሩ። 40 የተማሪ ዴስክ ገቢ ተብሎ 15 ብቻ ከተገኘ ቀሪው 25 በሞዴል 22፣ በዕቃ ወጪ ማድረጊያው ደረሰኝ፣ ወጪ ሆኖ የትኛው ትምህርት ቤት እንደተረከበ ማየት አለባችሁ። የወጪ ደረሰኙም ትምህርት ቤቱም ከሌሉ፣ ያልገባ ዕቃ ተከፍሎበታል ማለት ነው። ይህን ማጣራት ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ የሚያሳየው ግን ከአሥር ገጽ ሪፖርት በላይ ነው።

ነዳጅም እንደዚሁ ነው። በ6217 ላይ ሰኔ መጨረሻ ከፍ ያለ ወጪ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ኩፖን በጅምላ ተገዝቶ ነው። ኩፖኑ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚቀዳበት ከሆነ ወጪው የአዲሱ ዓመት ነው፤ በሰኔ 30ው የካዝና ቆጠራ ላይ ያልተሠራበት ኩፖን በቁጥርና በዋጋ መታየት አለበት። በሌላ በኩል ነዳጅ የዋጋና የመጠን ልዩነትን ለመለየት ጥሩ ማስተማሪያ ነው። 5,000 ሊትር በ80 ብር ሂሳብ 400 ሺህ ብር ታቅዶ፣ ዋጋው 100 ብር ገብቶ በዚያው 400 ሺህ ብር 4,000 ሊትር ከተገዛ አፈጻጸሙ 100 በመቶ ይባላል። ሥራው ግን በአምስት አንድ እጅ ቀንሷል፤ ያልተዳረሱ ቀበሌዎች አሉ ማለት ነው። ስለዚህ ለነዳጅ፣ ለውሎ አበል፣ ለመድኃኒትና ለሥልጠና ብሩን ብቻ ሳይሆን ሊትሩን፣ የሰው ቀኑን፣ የሠልጣኙን ቁጥር ጠይቁ።

በውሎ አበል፣ በ6231፣ ላይ የተለመደው ጉድለት የመደብ ማሳሳት ነው። የራሱ መደብ ሲያልቅ የሥልጠና አበል በጽሕፈት መሣሪያ ወይም በልዩ ልዩ ወጪ ላይ ይመዘገባል። ጥቂት ትልልቅ የክፍያ ሰነዶችን መርጦ ከተመዘገቡበት መደብ ጋር ማስተያየት በቂ ነው፤ ሁሉንም ማየት የኦዲተር ሥራ ነው።

ከወጪው ቀጥሎ የተሰብሳቢና የተከፋይ ዝርዝር ይነበባል። እኔ ጊዜ ቢያጥር ሌላውን ትቼ ይህን አያለሁ፤ የሪፖርቱ እውነተኛነት የሚለካው እዚህ ነውና። ተሰብሳቢው ዕድሜው ይታይ፦ የዘንድሮ፣ የአምና፣ ከዚያ በፊት የነበረ። ለመስክ ተብሎ ተወስዶ ያልተወራረደ ገንዘብ ሰውየው ከወረዳው ከተዛወረ በኋላ ለመመለስ እጅግ ያስቸግራል፤ መልቀቂያ ሲሰጠው ከፋይናንስ ነጻ መሆኑ ተጠይቆ እንደሆነ እዚያው ይጣራ። ተከፋዩ ላይ ደግሞ ከዝርዝሩ የጎደለውን ፈልጉ። የጤና ባለሙያዎች ያልተከፈለ የዲዩቲ (ከመደበኛ ሰዓት ውጪ የሠሩበት) ገንዘብ፣ የመብራትና የውሃ ውዝፍ፣ ሥራውን ጨርሶ ክፍያ የሚጠብቅ ተቋራጭ ብዙ ጊዜ በሂሳብ ውስጥ አይገቡም፤ ሠራተኛው ግን ያውቃቸዋል። ጤና ጣቢያ ሄዶ «የስንት ወር ዲዩቲ ቀረባችሁ?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። ያልተመዘገበ ዕዳ ካለ በጀቱ ተረፈ የተባለበት መደብ እንኳ በትክክል ሲታይ ጉድለት ላይ ነው።

የባንክ ማስታረቂያው ላይ ዓይናችሁን ተጽፈው ገና ለባንክ ያልቀረቡ ቼኮች ላይ ጣሉ። ሰኔ 30 ተጽፎ ነሐሴ ላይ የተመነዘረ ቼክ ካለ ለምን እንደዘገየ ይጠየቅ። ተቋራጩ ሥራውን እስኪጨርስ ቼኩ ካዝና ውስጥ ተቀምጦ ከነበረ፣ ወጪው የተመዘገበው ለሪፖርት ሲባል ነው። የሐምሌን የባንክ ስቴትመንት አስመጥቶ የተመነዘረበትን ቀን ማየት ጉዳዩን ይቋጨዋል።

ለካፒታል ፕሮጀክቶች የመስክ ምልከታ የግድ ነው። የመጨረሻውን የክፍያ ሰርተፍኬትና የሥራ ልኬቱን ይዛችሁ ውረዱ፤ «ጣሪያ ተከፍሏል» ካለ ጣሪያው ይታይ። የተከፈለው ከተሠራው በብዙ ከበለጠ፣ ከተቋራጩ ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት ሰርተፍኬቱን የፈረመውን ባለሙያ ስሙት። ውል ከተፈረመ ወራት አልፎት ያልተጀመረ ሥራ ሲያጋጥም ደግሞ የመሬት ርክክብ መፈጸሙን ጠይቁ፤ መጓተቱ ከተቋራጩ ሳይሆን ለመሬቱ ባለይዞታዎች ካልተከፈለ ካሳ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ገቢው በአጭሩ ይታይ። ከክልል የሚመጣው ድጎማ በአብዛኛው ይታወቃል፤ የሚዋዥቀው የወረዳው የውስጥ ገቢ ነው። በጀቱ ሲጸድቅ ሚዛኑን ለመሙላት የገቢ ዕቅዱ ተጋኖ ከነበረ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ የሌለው በጀት ይዘን ቆይተናል። ጤና ጣቢያዎችና ትምህርት ቤቶች የሚሰበስቡት ገቢ፣ የማዘጋጃ ቤት ገቢና የሴፍቲኔት ገንዘብ በተለያየ ሂሳብ ስለሚያዙ ከወረዳው መደበኛ በጀት ጋር ተደምረው አንድ መቶኛ እንዳይሰጣቸው ጥንቃቄ ይደረግ።

ጉባኤው ላይ ኮሚቴው ጥያቄዎቹን ከነመደቡና ከነመጠኑ ቢያቀርብ ኃላፊው ወደ አጠቃላይ ንግግር መግባት አይችልም። «የነዳጅ ወጪ ለምን በዛ?» ብላችሁ ስትጠይቁ «የሥራ ስፋት ነው» የሚል መልስ ታገኛላችሁ። «በ6217 ሰኔ ላይ ከተገዛው ኩፖን ሐምሌ 1 ስንት ቀረ?» ለሚለው ግን መልሱ ቁጥር ነው። አፈ ጉባኤው መልስ ያላገኘውን ጥያቄ በስሙ ያስመዝግብ። ውሳኔውም «ወደፊት ይታረም» በሚል አይዘጋ። «በስም ዝርዝሩ ላይ ያለው 310 ሺህ ብር ተሰብሳቢ እስከ ነሐሴ 30 ይወራረድ፣ ካልሆነ ከደመወዝ ይቆረጥ፣ የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊው ለኮሚቴው በጽሑፍ ያሳውቁ» ተብሎ ከተጻፈ ክትትል ይቻላል። የውስጥ ኦዲት ባለሙያውም በጉባኤው ላይ ይገኝና የቀድሞ የኦዲት ግኝቶች የት እንደደረሱ ያስረዳ፤ ያለፈው ዓመት ግኝት ዘንድሮም በዚያው ቃል ከተደገመ ሪፖርቱን ከማጽደቅ በፊት ምክንያቱ ይሰማ።

የግምገማው ውጤት በዚያው ሰሞን በሚታየው አዲስ በጀት ላይ መዋል አለበት። የደመወዝ መደቡ የሚሠራው አምና ከጸደቀው ቁጥር ሳይሆን ከሰኔው መክፈያ ሊስት ነው፤ ለክፍት መደቦችም በእርግጥ ሊቀጠርባቸው ከሚችልበት ወር ጀምሮ ያለው ብቻ ይያዝ። የአምናው ውዝፍ የዲዩቲና የጡረታ ዕዳ በየራሱ መስመር ይጻፍ። ላልተጀመረው የእናቶች ማቆያ የቀረው 1 ሚሊዮን 750 ሺህ ብር በአዲሱ የካፒታል በጀት ውስጥ መኖሩ ይረጋገጥ፤ ካልተያዘ ተቋራጩ ቅድሚያ ክፍያውን እንደያዘ ሥራው ይቆማል። ጥቅምት ላይ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሪፖርት ሲመጣ ኮሚቴው የሐምሌውን የውሳኔ ዝርዝር አውጥቶ ከአጠገቡ ያስቀምጥና ከእያንዳንዱ ውሳኔ ጎን የተወራረደውን መጠንና ቀኑን ይሙላ።